መኪናው ከፊት ሲንኳኳ ምን እያለ ነው?

ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የሐይቅ ውሃ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መኪና ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅ እስኪደርስ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲኬድም የአምባሰል ተራራ ጎን ለጎን ይከተላል። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደየቀበሌው የሚገባው ግን ጠጠር፣ ድንጋይና ጭቃ ነው።

በዚህ መንገድ የሚመላለሰው መኪና ማዳበሪያ ያመጣል፤ እህል ወደ ገበያ ይወስዳል፤ ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። እንዲህ ያለው መኪና ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው ቢወልቅ ወይም መሪው እምቢ ቢል የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ አይደለም። በላዩ የተሳፈረ ሁሉ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

የወሎ ሰው የመኪናን ጥቅም በክፉ ቀን አይቶታል። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ በጸና ጊዜ የእርዳታ እህል ከአሰብ ወደብ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወሎ ይገባ ነበር። መኪና መንገድ ላይ ተሰብሮ በቆመ ቀን እህሉ እዚያው ቆሞ ይውላል። የተራበው ሰው ደግሞ እየጠበቀ ይውላል። አንድ የላላ ብሎን ይህን ያህል ያመጣል።

መኪና ከመሰበሩ በፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። ቋንቋው ድምፅ ነው። ይህ ትምህርት ስለዚያ ቋንቋ ነው።

1. የገበሬ ጆሮ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሞተሩን ጩኸት ሲሰማ ይውላል። ድምፁ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ስለሚጨምር ጆሮው ይለምደዋል። ከኋላ የተሳፈረው ሰው ወይም መንገድ ዳር የቆመው እረኛ ግን አዲሱን ድምፅ ቶሎ ይለየዋል።

ደግሞስ ገበሬ ድምፅ መለየት መች ያቅተዋል? በቅሎ ስታነክስ ኮቴዋን ሰምታችሁ የትኛው እግሯ እንደታመመ ታውቃላችሁ። ወገሉ ሲላላ ማረሻው የሚያሰማውን ድምፅ ታውቃላችሁ። አገራችን ለአንድ የዜማ ቅኝት ስሟን የሰጠች ናት፤ አምባሰል ቅኝት ይባላል። የመሲንቆ ክር ትንሽ ሲረግብ የሚያውቅ ጆሮ፣ የላላ ብረትንም ያውቃል። የሚያስፈልገው ድምፁ ከምን እንደሚመጣ መማር ብቻ ነው።

2. ባለ ደብል ዲፈረንሻል መኪና የፊት እግሩ እንዴት ነው?

ተራ የጭነት መኪና ብዙውን ጊዜ የሚገፋው በኋላ ጎማው ነው። የፊት ጎማው መንገድ ይመራል እንጂ አይጎትትም። ባለ ደብል ዲፈረንሻል መኪና ግን ሲፈለግ በአራቱም ጎማ ይሠራል። ከኋላ አንድ ዲፈረንሻል አለው፤ ከፊትም ሌላ ዲፈረንሻል አለው። በ1940 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የወጣው ላንድሮቨር እንዲህ ያለ መኪና ነው። ዛሬ በገጠሩ የምናየው የጃፓኑ ላንድክሩዘርም እንዲሁ ነው። 70 የሚባለው የላንድክሩዘር ዓይነት የወጣው በ1977 ዓ.ም. ነው።

የፊት ጎማው ሁለት ሥራ አለበት። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ እየታጠፈም ይጎትታል። ስለዚህ መጋጠሚያው ብዙ ነው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ኩሽኔታ፦ ጎማው ያለ ችግር እንዲዞር በእምብርቱ ውስጥ የሚቀመጥ ብረት ነው። ግራሶ ይፈልጋል። በጣም ከጠበቀ ይቃጠላል፤ በጣም ከላላ ጎማውን ያወዛውዛል። የቀንበር ምራንም እንዲሁ አይደል? ሲጠብቅ በሬውን ያቆስላል፤ ሲላላ ይወልቃል።

የጎማ ዘንግ መጋጠሚያ፦ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ጫፉ ላይ መጋጠሚያ አለው። መጋጠሚያው እንደ ሰው ትከሻ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ይዞራል። በላንድክሩዘር ከጎማው በስተጀርባ ባለው ክብ ብረት ውስጥ ተሸፍኖ ይገኛል።

የመሪ ዘንጎች፦ መሪው ሲዞር ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ የሚያዞሩ ናቸው። ጫፍ ጫፋቸው ላይ የሚታጠፍ መጋጠሚያ አለ።

ባሌስትራ፦ የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ የሚያነጥር የተደራረበ ብረት ነው። አንዳንዱ መኪና ከፊት በባሌስትራ ፈንታ ሞላ አለው። በመጋጠሚያቸው ላይ ብረት ከብረት እንዳይማታ ጎሚኒ ይገባል።

ክሮቸራ፦ ከካምቢዮ በኩል ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ የሚያጋጥም፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብረት ነው።

ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ የመጡት ከዚያ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርረው ሳሉ መንገድ ሠርተው መኪና ነድተውበታል። እነርሱ ሄዱ፤ ቃላቱ ቀሩ።

3. አስቀድሞ ቀላሉን ተመልከቱ

ድምፅ ተሰማ ተብሎ ወዲያው መኪና አይፈታም። መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣው ነገር ይታያል።

ሀ. የጎማ ዳዶ። ዳዶ ሲላላ መኪናው በዝግታ ሲሄድ «ኳ ኳ» ይላል። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ይመታል። በዳዶው ዙሪያ ዝገት የወረደበት መስመር ወይም ቀለሙ ተልጦ የሚያብረቀርቅ ብረት ካያችሁ፣ ዳዶው ላልቶ ሲንቀሳቀስ ኖሯል ማለት ነው። ይህ ከሁሉ ድምፅ ይልቅ ርካሹም፣ ገዳዩም ነው። ዳዶ ሲጠብቅ በዙሪያው በተርታ አይጠበቅም። አንዱ ከተጠበቀ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለው ይጠበቃል። ጎማ ከተቀየረም በኋላ መኪናው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ እንደገና ይታያል።

ለ. ጭቃ። በክረምት ጭቃ በቸርኬው ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ያን ጊዜ ጎማው አንድ ጎኑ ይከብድና መሪው ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ እጥበት ነው።

ሐ. ጠጠር። ትንሽ ጠጠር ፍሬኑ አጠገብ ተሰክቶ ጆሮ የሚበጣ ድምፅ ያወጣል። መኪናው ጥቂት ወደ ኋላ ሲሄድ አንዳንዴ ይወድቃል።

መ. ጎማው ራሱ። ጥርሱ ያለ ልክ የተበላ ጎማ ይጮኻል። ግን የጎማ ድምፅ ከመንገዱ ጋር ይለዋወጣል፤ አስፋልት ላይ አንድ ዓይነት፣ ጠጠር ላይ ሌላ ዓይነት ነው። የኩሽኔታ ድምፅ በመንገዱ ለውጥ አይለወጥም።

4. «መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ

ሐኪም በሽተኛን «መቼ ያምሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሲበላ ነው? ሲተኛ ነው? ሲራመድ ነው? የመኪናም ምርመራ እንዲሁ ነው።

ቀጥ ብሎ ሲሄድ «እምምም» ካለ፣ ፍጥነቱ ሲጨምርም ከጨመረ፣ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። የትኛው ጎን እንደሆነ ለማወቅ መታጠፊያ ላይ አዳምጡ። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ያዘነብላል። ስለዚህ ወደ ግራ ሲታጠፍ ድምፁ ከባሰ የቀኙ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከባሰ ደግሞ የግራው ነው። አህያ በጥጋ ጥግ ስትሄድ ጭነቱ ወደ ታችኛው ጎን አያጋድልም? እንደዚያ ነው።

መሪው እስከ መጨረሻ ታጥፎ በአራቱ ጎማ ሲጎትት «ቀጭ ቀጭ» ካለ፣ በክቡ ብረት ውስጥ ያለው የዘንግ መጋጠሚያ አርጅቷል።

ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲመታ ብቻ «ጓ» ካለ፣ የባሌስትራው ጎሚኒ አልቋል፣ ወይም ባሌስትራውን የሚያስረው ቡሎን ላልቷል፣ ወይም አንዱ የባሌስትራ ቅጠል ተሰብሯል። ቅጠሉ ከተሰበረ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ሲነሣ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር አንድ ጊዜ «ጓ» ካለ፣ ክሮቸራ ይታያል። ክሮቸራ ግራሶ ሲያጣ ደግሞ በዝግታ ሲኬድ «ሲጥ ሲጥ» ይላል።

ፍሬን ሲያዝ «ክርርር» ካለ፣ የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ብረትን እየፋቀ ነው። ከደሴ ቁልቁል ለሚወርድ መኪና ይህ ቀልድ አይደለም።

5. በሦስት ደረጃ መለየት

ብዙ ባለ ደብል መኪኖች በፊት ጎማቸው እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አላቸው። አንዱ ምልክት «ሎክ» ይላል፤ ተቆልፏል ማለት ነው። ሌላው «ፍሪ» ይላል፤ ተፈትቷል ማለት ነው። ይህች መቆለፊያ ትልቅ የምርመራ መሣሪያ ናት።

አንደኛ፦ ሁለቱንም መቆለፊያዎች ፍቱ። ደብሉንም አውጡ። አሁን ጎማው ብቻውን ይዞራል፤ ከፊት ያሉት ዘንጎችና ዲፈረንሻሉ ግን አይዞሩም። በዚህ ጊዜ ድምፁ ካለ ጥፋቱ ከጎማው፣ ከኩሽኔታው፣ ከፍሬኑ፣ ከመሪው ወይም ከባሌስትራው ነው።

ሁለተኛ፦ መቆለፊያዎቹን ቆልፉ፤ ደብሉ ግን አይግባ። አሁን ዘንጎቹም ይዞራሉ፤ ነገር ግን አይጎትቱም። ድምፁ አሁን ከመጣ ጥፋቱ ከሚዞሩት ነገሮች ነው፤ ከዘንጉ፣ ከመጋጠሚያው፣ ከክሮቸራው ወይም ከዲፈረንሻሉ።

ሦስተኛ፦ ለስላሳ አፈር ወይም ጭቃ ላይ ደብል አስገቡና በዝግታ ሂዱ። ድምፁ አሁን ብቻ ከተሰማ፣ ብረቱ የሚጮኸው ሲጎትት ነው። በሬ ያለ ቀንበር ሲሄድ ደህና ሆኖ ሲያርስ ብቻ ካነከሰ፣ ሕመሙ ሲጎትት የሚነሣ ነው እንደምንለው ማለት ነው።

ልብ በሉ! ሦስተኛውን ሙከራ ደረቅ አስፋልት ላይ አታድርጉ። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማው ከኋላው ይልቅ ሰፋ ያለ መንገድ ይሄዳል። ደብል ሲገባ ግን የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ችግር የለም። ደረቅ አስፋልት ላይ አይንሸራተትምና ብረት ከብረት ይታገላል። መሪው ይከብዳል፤ ከታችም «ጓ» ይላል። ያን ጊዜ መኪናው አልታመመም፤ ያለ ቦታው ገብቶ ነው። ጥቂት ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄዶ ደብሉን ማውጣት ነው።

6. በእጅ መመርመር

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም። የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ። የፊቱ ጎማ በክሪክ ይነሣ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ! ክሪክ ይንሸራተታል።

ጎማውን በአንድ እጅ ከላይ፣ በአንድ እጅ ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከላላ፣ ሌላ ሰው ፍሬኑን ይርገጥና እንደገና ነቅንቁ። ፍሬን ሲረገጥ መላላቱ ከጠፋ፣ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ፣ ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፍባቸው፣ ከክቡ ብረት ላይና ታች ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው።

ቀጥሎ ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዛችሁ ነቅንቁ። ላይና ታች ሳይላላ በጎን ብቻ ከላላ፣ የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያዎች ተመልከቱ።

ከዚያ ጎማውን በእጅ አዙሩት። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ ጸጥ ብሎ ይዞራል። ከተበላ በእጃችሁ ላይ አሸዋ የምታሹ ይመስላችኋል።

ክቡንም ብረት እዩ። በላዩ ዘይትና ግራሶ ከፈሰሰ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ተቀዷል። ግራሶ የወጣበት ቀዳዳ ውሃና ጭቃ ያስገባል። ወንዝ የተሻገረ መኪና የዲፈረንሻሉ ዘይት ቢታይ ደግ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሳይውል ሳያድር ይቀየር።

7. መቆም ወይስ ቀስ ብሎ መሄድ?

ወዲያውኑ የሚያስቆሙ፦ ዳዶ ሲላላ፤ ጎማ ሲወዛወዝ፤ የእምብርቱ አጠገብ ሲጨስ ወይም እጅ ሲያቃጥል፤ ፍሬን «ክርርር» እያለ ወደ ታች ሲሰምጥ፤ መሪ ብዙ ዞሮ ጎማው የማይታጠፍ ሲሆን፤ የባሌስትራ ማሰሪያ ቡሎን ሲሰበር። ሙቀቱን ስትመረምሩ ግን ከቁልቁለት እንደወረዳችሁ አይሁን፤ ያን ጊዜ ፍሬኑም ያግላል። ሜዳ ላይ ጥቂት ከተኬደ በኋላ ግራና ቀኙን አወዳድሩ።

በዝግታ ወደ ጋራዥ የሚያስሄዱ፦ ገና የጀመረ የኩሽኔታ ጉርምርምታ፤ ግራሶ ያጣ ክሮቸራ፤ ያለቀ የባሌስትራ ጎሚኒ። የዘንግ መጋጠሚያው «ቀጭ ቀጭ» ሲል መቆለፊያዎቹን ፈትቶ፣ ያለ ደብል በደህና መንገድ ወደ ጋራዥ መሄድ ይቻላል። ሁሉም ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ግራሶ ያጣ ኩሽኔታ ዛሬ ጥቂት ብር ይጠይቃል። ሲቆይ እምብርቱን ከነዘንጉ ይበላና የመከር ገንዘብ ይጨርሳል።

8. ሾፌሩን መጠየቅ ነውር አይደለም

ብዙ ሰው ድምፁን እየሰማ ዝም ይላል። «ሾፌሩ ያውቃል፤ እኔ ማን ነኝ?» ይላል። ሾፌሩ ያውቃል፤ ግን ሁሉን አይሰማም። በጨዋ ደንብ መንገር ነው።

— ልጄ፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ ከፊት በቀኝ በኩል ድምፅ ይሰማል። እስኪ ቆመህ እይልን።

— አብሽሩ አባቴ! መንገዱ እኮ ነው።

— መንገዱ ከሆነማ አስፋልቱ ላይ ለምን አይተወውም? ዳዶውን ብቻ እይልን፤ እኛ እንጠብቃለን።

እንዲህ ተብሎ የማይቆም ሾፌር ጥቂት ነው። «ድምፅ አለው» ብቻ ከተባለ ግን መልስ የለውም። መቼና ከየት እንደሚመጣ የነገረ ሰው ይሰማል።

9. ድምፁን በወረቀት መጻፍ

መኪናው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ቁልቁለቱ፣ ጭነቱና ጭቃው እዚያ የለም። መካኒኩም «ምንም አልሰማሁ» ይላል፤ መኪናው ሳይጠገን ይመለሳል። ድምፁን የሰማው ሰው ከጻፈው ግን ወረቀቱ ይናገራል። ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው ለመንደሩ መኪና ይህን ሊሠራ ይችላል። አጻጻፉ እንዲህ ነው።

ለመካኒኩ፦
ድምፁ፦ «እምምም» የሚል ጉርምርምታ ነው።
ከየት፦ ከፊት ነው።
መቼ፦ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ። ወደ ግራ ሲታጠፍ ይብሳል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ይቀንሳል። አስፋልትም ጠጠርም ላይ አንድ ነው።
ፍሬን ሲያዝ፦ ለውጥ የለም።
የሞከርነው፦ ዳዶው ጠባቂ ነው። መቆለፊያው ተፈትቶም ድምፁ አለ። በክሪክ ተነሥቶ ላይና ታች ሲነቀነቅ ይላላል፤ ፍሬን ሲረገጥ መላላቱ ይጠፋል።

ይህን ያነበበ መካኒክ የትኛውን ጎማ እንደሚፈታ ወዲያው ያውቃል። እናንተስ አወቃችሁ?

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ከላይ በተጻፈው ወረቀት መሠረት የታመመው የትኛው ክፍል ነው? በየትኛው ጎን? ምክንያቱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

2. መቆለፊያዎቹ ሲፈቱ ድምፁ ጠፋ፤ ሲቆለፉ ተመለሰ። የጎማውን ኩሽኔታ እንፈታለን ወይስ ሌላ ነገር እናያለን? ለምን?

3. ደብል ደረቅ አስፋልት ላይ የማይገባው ለምንድን ነው?

4. በቀበሌያችሁ የሚመላለስ አንድ መኪና ሲያልፍ አዳምጡ። ድምፁን፣ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚሰማ በአምስት መስመር ጻፉ። ለሾፌሩም አንብቡለት።